የተርዚው ግማሽ ኪኒን

ጋሼ ኑርሁሴን ማረፋቸውን የነገረኝ አየለ ነው። ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ጎንደር ወጥቼ ሳለ፣ ሰሊጥ በጫነ መኪና ተሳፍሮ መጣና ከሥልጠናው ግቢ በር ላይ አስጠራኝ። አየለን ከመተማ ውጭ አይቼው አላውቅም ነበር። በጎንደር ብርድ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ኮቱ ሰፍቶት፣ ከዘበኛው ጎን ቆሟል።

«ሲስተር፣ ጋሼ ከትናንት ወዲያ አረፉ። ከሰው አፍ እንዳትሰሚ ብዬ ነው» አለኝ።

እኔ ኀዘን ሲመጣብኝ ቁጣ ይቀድመኛል። ተፈጥሮዬ ነው፣ እናቴም በዚህ ትወቅሰኝ ነበር። «አንተ እንዲህ እያሳለህ በጭነት መኪና ማን ውጣ አለህ?» ብዬ እዚያው ዘበኛው ፊት ጮህኩበት። አየለ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ እስክጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ በጠርሙስ ውሃ አወጣና ሰጠኝ።

«ጋሼ ነግረውኝ ነበር» አለ። «ትቆጣለች፣ ዝም ብለህ ስማት፣ ስትጨርስ ውሃ ስጣት ብለውኛል።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

መተማ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ ከነርስ ትምህርት ቤት በወጣሁ በወሩ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ክሊኒኩ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ሁለት ክፍል ቤት ነው። በሙቀቱ ወራት ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኩት የጠረጴዛውን ትኩሳት ያሳየኝ ነበር። ሥራዬ ወባ፣ እባብ የነደፈው፣ ከእርሻ ቦታ በትከሻ ተሸክመው የሚያመጡት ሠራተኛ፣ እንደገና ወባ ነው።

የጋሼ ኑርሁሴን በረንዳ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በዚያ አገር ልብስ ሰፊን በሱዳኖቹ ቃል ተርዚ ይሉታል፤ ስለዚህ ትንሹም ትልቁም የሚያውቃቸው ተርዚ ኑርሁሴን ብሎ ነው። ሲጋራ ከአፋቸው አይጠፋም፤ ግን በሰው ጨርቅ ላይ አንድ ቀን አመድ አንጠባጥበው አያውቁም። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ስፌቱን ነው። ሰላምታ ሳይሰጡ በፊት የትከሻህን ስፌት ሳብ አድርገው ያስተካክሉና «እንዴት አደርክ» ይላሉ።

እኔንም የተዋወቁኝ እንዲሁ ነው። በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ አስቆሙኝና የለበስኩትን ጋውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጄ፣ ይኸ ጋውን ያንቺ ነው የመንግሥት?»

«የመንግሥት ነው» አልኩ ኮራ ብዬ።

«እንግዲያ መንግሥት በጣም ወፍራም ነው። አምጪው ላጥብብልሽ።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ አደባባይ ላይ የሚቀልድ ሰው አላየሁም ነበር። ደንግጬ ግራና ቀኜን አየሁ። እሳቸው ግን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመልሰዋል። ጋውኑን በማግሥቱ ወሰድኩላቸው፤ ልኬን ሳይወስዱ ሰፍተው መለሱልኝ፤ ልክ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አውቅላቸዋለሁ። ምሳ ብቻቸውን በልተው አያውቁም። ምሳ ከቤት በትሪ ሲመጣ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመው መንገዱን ግራና ቀኝ ያያሉ። ለአረም ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ ሸሚዙ የተቀደደ ሠራተኛ ሲያልፍ ካዩ «እንብላ» ብለው ይጠሩታል፤ እየበላ ሸሚዙን ይጥፉለታል። ሰው ካልተገኘ ምግቡ ይቀዘቅዛል እንጂ አይነካም። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ስለማይገናኝ፣ የሚመጣው እንግዳ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ ባለቤታቸው ለምሳ ሥጋ መሥራት ከተወች ዓመታት አልፈዋል። «እኔ ሥጋ የምቀምሰው ማታና በበዓል ነው፣ ሰውየው ተርዚ ሳይሆን መነኩሴ ነው» ትል ነበር እየሳቀች።

የየቀኑ የምሳ ጓደኛቸው ግን አየለ ነው። አየለ ከጎጃም የመጣ የመንግሥት እርሻ የትራክተር ሹፌር ነበር። ሚስት አላገባም፣ ዘመድ የለውም፣ ከጋሼ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዝምተኛ ሰው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ከአንድ ትሪ በልተዋል፤ ሲጋራም ከአንድ ፓኬት ነው የሚያጨሱት።

ሁለቱንም በአንድ ዓመት ሳል ያዛቸው። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ቲቢ ነው ብዬ ሁለት ወር ሙሉ የቲቢ መርፌ ወጋኋቸው። ጋሼ ቂጣቸውን እያሹ «ሲስተር፣ አንቺ ከኔ መርፌ ይልቅ ያንቺን ታምኛለሽ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ሳሉ ሲብስ፣ አየለም ደም ሲተፋ፣ ሁለቱንም ጎንደር ላክኋቸው። ራጅ ተነሥተው፣ ተመርምረው፣ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። የሳንባ ካንሰር ነው። ሁለቱም።

መርፌና ጨረር ያስፈልጋቸዋል ተባለ። የጨረሩ መኪና በአገራችን የለም፣ ካርቱም ግን አለ አሉን። ድንበሩ ከጋሼ በረንዳ በእግር ነው፤ ግን ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ወደዚያ መሻገር እንደ መክዳት ይቆጠራል። ይለፍ የሚሰጠው ካድሬ ወረቀቱን እንኳ አላየውም። «ታመምኩ እያለ የሚሄደው ሁሉ አይመለስም» አለ። እኔ መቆጣት ልጀምር ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ጓድ፣ የካኪ ሱሪህን ጨርሻለሁ» አሉት። «ኮትህ ግን ገና እጅጌ የለውም። እኔ ብሞት በጎዶሎ ኮት ስብሰባ ትገባለህ።»

ካድሬው ሊስቅ አልፈለገም፤ ግን ሳቀ። ፈረመ። ጋሼ ወረቀቱን ሳያነሡ «አየለንም ጻፍልኝ» አሉ። «እሱ ምን ሰፋልኝ?» ቢላቸው «ክሩን የሚያቀብለኝ እሱ ነው» አሉ። ውሸታቸውን ነው፣ አየለ መርፌና ክር ይዞ አያውቅም። ሁለቱም ተጻፉ።

ከሁለት ወር በላይ ቆይተው ሲመለሱ ፀጉራቸው ረግፎ፣ ደረታቸው በጨረር ጠቁሮ ነበር። ጋሼ ለኔ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው መጡ። የሚያክማቸው ሱዳናዊ ሐኪም በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው። መርፌውና ጨረሩ ላይ አንድ አዲስ ኪኒን እየጨመረ ይሞክራል። ይርዳ አይርዳ ገና ማንም አያውቅም። ለማወቅ፣ ከበሽተኞቹ ግማሹ መርፌና ጨረር ብቻ፣ ግማሹ መርፌ፣ ጨረርና ኪኒን እንዲያገኝ በዕጣ ይለያሉ፤ በኋላ ይነጻጸራሉ። ለጋሼ ኪኒኑ ወጣላቸው፤ ለአየለ አልወጣለትም። ጋሼ በቀን አንድ ኪኒን ከምሳ ጋር ይውጣሉ። እኔ በየወሩ የሁለቱንም ክብደት እመዝናለሁ፣ ሳላቸውን እጠይቃለሁ፣ በጠርሙሱ የቀረውን ኪኒን እቆጥራለሁ፣ ጽፌ በመኪና እልካለሁ።

ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። ቆላ ተጥዬ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ትልቅ ሐኪም ስሜን ጽፎ አደራ ሰጠኝ። ወሩ ሲሞላ ኪኒኑን ቆጠርኩ፤ አንድ አልጎደለም፣ አንድ አልተረፈም። በሁለተኛውም ወር እንዲሁ። ጋሼ ሻል ብሏቸዋል፤ አየለም ሻል ብሎታል። ወረቀቱን በንጹሕ ጽሕፈት ጽፌ ላክሁ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን፣ የጋውኔ ጫፍ ተተርትሮ በምሳ ሰዓት ወደ በረንዳው ሄድኩ። ትሪው ቀርቧል፤ አየለ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። ጋሼ ከጠርሙሱ አንድ ኪኒን አወጡ፤ ንጹሕ ብጣሽ ጨርቅ ላይ አስቀመጡት፤ ክር በሚበጥሱበት ምላጭ እኩል ለሁለት ከፈሉት። አንዱን ግማሽ ለአየለ ዘረጉለት። ከዚያ ቀና ሲሉ እኔን አዩኝ።

«ሲስተር፣ ነይ እንብላ» አሉኝ፣ የራሳቸውን ግማሽ በጣታቸው እንደያዙ።

እዚያው እንደቆምኩ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ምሳ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ምነው?»

እንግዲህ የጮህኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ያ ኪኒን ለአንቱ የታዘዘ ነው፣ ልኩ ለአንድ ሰው ነው፣ ግማሹ ለማንም ላይሆን ይችላል፣ አልኩ። ራስዎን እየገደሉ ነው እስከ ማለት ደረስኩ። መንገደኛ ቆሞ ያየን ነበር። አየለ ግማሹን ኪኒን ትሪው ጫፍ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«እምቢ ብያቸው ነበር» አለ። «በሞቴ አሉኝ። እንዲህ የታመመ ሰው በሞቴ ብሎ ሲያጎርስ ምን ይባላል?»

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ ጋሼ። ቁጭ አልኩ። «ለኔ ታዘዘ፣ እሺ። አየለ ምን በድሎ ተከለከለ?»

«አልበደለም። ዕጣ ነው።»

«ዕጣው የወጣ ለት አየለ ከጎኔ ነበር። እኔ ጠርሙሱን ስቀበል እሱ እጁን ኪሱ ከተተ። ይህን ሁሉ ዓመት ኪስ ስሰፋ ኖሬያለሁ፤ ሰው እጁን ኪሱ የሚከተው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞ ሐኪሙ ከምሳ ጋር ዋጠው አለኝ። ምሳ የምበላው ከማን ጋር ነው? አፉን እያየሁ ብቻዬን ልዋጠው? ሥጋ እንኳ ቢሆን እሺ፣ አይገናኝም። ኪኒን ግን ማን አረደው? እስላምም ክርስቲያንም አላረደውም።»

ይህን ሲሉ አልቀለዱም። ሐኪሙ ያን ሁሉ ሲያስረዳቸው አንድ ነገር አላሰበም፤ ምሳ ላይ የቀረበ ነገር የአንድ ሰው ብቻ ሊሆን እንደሚችል ለነዚህ ሰዎች የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም። እኔም የዚህችው አገር ሰው ሆኜ፣ እየበላ እንብላ ያላለኝ ሰው በሕይወቴ ሳላይ፣ ኪኒን ብቻ ቆጥሬ ወረቀት ላክሁ።

ቁጣዬ በረደ። በቀስታ አስረዳኋቸው። «ጋሼ፣ ሐኪሙ የኔን ወረቀት አይቶ ኑርሁሴን በየቀኑ ሙሉ ኪኒን ውጠዋል ይላል። አየለ ምንም አልዋጠም ይላል። ሁለቱም ሐሰት ነው። ነገ በዚህ ሕመም ለሚታመም ሰው ሁሉ ይህን ኪኒን ልስጥ ወይስ ልተው ብሎ የሚወስነው በዚህ ሐሰት ላይ ነው። የሚረዳውን አይረዳም ብሎ ሊተወው ይችላል። የማይረዳውን ይረዳል ብሎ ሊሰጥ ይችላል።»

«የነገዎቹ ሰዎች የት ናቸው?» አሉኝ።

«ገና አልታመሙም። ገና አልመጡም።»

«የኛም አገር ሰዎች አሉባቸው?»

«የሁሉም አገር።»

ሲጋራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ጣታቸው ግን እንደ ድሮው ወደ ከንፈራቸው ሄዶ ተመለሰ። ምሳ ሲቀርብ ሰው ፍለጋ እንደሚያደርጉት መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። ብዙ ሳይቆዩ ወደኔ ዞሩ።

«ጻፊው እንግዲህ» አሉ።

አሁን ደግሞ እኔ ፈራሁ። ከጻፍኩ ኪኒኑን ያቆሙባቸዋል፤ ያ ኪኒን ምናልባት የቆሙበት ምክንያት ነው። ልቤ እሳቸውን ማጣት አልፈለገም፣ እውነቱ ይኸው ነው። «ይተዉት ጋሼ» አልኩ። «ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ሙሉውን ይዋጡ፣ ያለፈውን እኔ ዝም እላለሁ። ማንም አያውቅም።»

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮስተር ብለው። «ጨርቅ ስቆርጥ ብሳሳት፣ ስህተቴን ደብቄ ብሰፋው ለባሹ ገበያ መሀል ይቀደድበታል። ሰው ሳላዋርድ ኖሬ አሁን በመጨረሻዬ እንዲህ ያለ ልብስ ልስፋ? ጻፊ።»

እዚያው የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግማሽ ለኑርሁሴን፣ ግማሽ ለአየለ ብዬ። ጋሼ ከሥሩ በዓረብኛ ፈረሙ፤ አየለም ፈረመ። ወረቀቱን ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ለሚሄደው መኪና ሹፌር በእጃቸው የሰጡት ጋሼ ናቸው። ጠርሙሱን ደግሞ ለኔ አቀበሉኝ፤ መልስ እስኪመጣ ክሊኒክ እንዲቀመጥ። በአየለ ፊት ሙሉውን መዋጥ አይችሉም፤ ግማሹን መስጠት ደግሞ ከእንግዲህ ማጭበርበር ነው። መድኃኒት ከበሽተኛ እጅ ተቀብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ከበደኝ። ዛሬም ድረስ ጥሩ እንዳደረግኩ እርግጠኛ አይደለሁም።

መልሱ ዘገየ። ጋሼ መጀመሪያ ስፌቱን ተዉ፣ ቀጥሎ በረንዳውን ተዉ፣ በመጨረሻ አልጋ ያዙ። አየለ ቀጠነ እንጂ አልወደቀም። ጠዋት ትራክተሩን ይነዳል፤ ቀትር ላይ መጥቶ ከጎናቸው ይቀመጣል። ትሪው ይቀርባል፤ ጋሼ ሁለት ጉርሻ በልተው የቀረውን አየለ እንዲጨርስ ይጠብቃሉ። እኔም በየቀኑ መሄድ ጀመርኩ። በሙያዬ የማደርግላቸው የሕመም ማስታገሻ መስጠት ብቻ ነበር፤ የምሄደው ግን ስለምወዳቸው ነው።

ወደ ጎንደር ሥልጠና ልሄድ ስል በዋዜማው የሐኪሙ ደብዳቤ መጣ። ሳልከፍተው እየሮጥኩ ሄድኩ። ጋሼ ትራስ ተደግፈው፣ አየለ እግራቸው ሥር ተቀምጦ አገኘኋቸው። ከፍቼ፣ አንድ አንድ መስመር እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳቸው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ ራሱ ጽፎታል። በኋላ ግን ሌሎቹን በሽተኞቹን ጠርቶ ኪኒኑን ከማን ጋር እንደሚበሉ ጠየቀ። ከወንድሙ ጋር የተካፈለ ተገኘ። ከአልጋ ጎረቤቱ ጋር የተካፈለ ተገኘ። ለጎረቤቷ ሳል የሰጠች ተገኘች። ከመተማ ያ ወረቀት ባይመጣ ማንንም አልጠይቅም ነበር ይላል። ስለዚህ የሰበሰበውን ሁሉ ትቶ እንደ አዲስ ጀምሯል። ከእንግዲህ ከአንድ ገበታ የሚበሉ በሽተኞች አንድ ዕጣ ነው የሚወጣላቸው፤ ወይ ሁሉም ያገኛሉ፣ ወይ ሁሉም አያገኙም። ኑርሁሴንና አየለ ግን ከሙከራው ወጥተዋል፤ ኪኒኑ እንዲመለስለት ጠይቋል።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሰሙት። «ከአንድ ገበታ የሚበሉ የሚለውን ድገሚልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። «እንግዲህ ሐኪሙ እኛን አወቀን» አሉና ፈገግ አሉ።

አየለ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «ሲስተር» አለኝ፣ «ሙሉውን ቢውጡት ኖሮ ይድኑ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩት። «ሐኪሙም አያውቅም። የሚሞክረው ለማወቅ ነው።»

«እኔ ግን ግማሽ ዕድሜያቸውን በላሁ» አለ።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር ለመናገር ጊዜ ወሰደባቸው። እጃቸውን ዘርግተው የአየለን ኮት ያዙ፤ እኔ የመሰለኝ እንደ ልማዳቸው ትከሻውን ሊያስተካክሉ ነው። ግን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«አንተ ሞኝ» አሉት። «ብቻዬን ልድን ነበር እንዴ ካርቱም ድረስ ይዤህ የሄድኩት?»

አየለ ተነሣ። ትራሳቸውን ከፍ አደረገላቸው፤ ብርጭቆውን አንሥቶ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጣቸው። እኔ ደብዳቤውን አጥፌ ከአልጋቸው ጎን አስቀመጥኩና ሻንጣዬን ለማዘጋጀት ወጣሁ።